ጭቃ ሹሙን የሚያባንነው ማን ነው?

እስቲ ጠጋ በሉ። አንተ ዳር ያለኸው፣ ኋላ አልሰማሁም ብለህ እንዳታስደግመኝ።

በድሮ ዘመን ደርሰህ የሚባል የመንደር ጭቃ ሹም ነበር። ሆዳም ነው፣ ቁጡ ነው፣ የራሱን ጥፋት በሰው ላይ መለጠፍ ይወዳል። ጎረቤቱ አያ ውብዬ ድሃ ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ሞኝ ግን አይደለም። ያለው ቁራሽ መሬትና አንዲት አህያ ነው። እንጨት ጭኖባት ገበያ ካልወጣ ልጆቹ ጦማቸውን ያድራሉ።

ጭቃ ሹሙ በየሌሊቱ ይባንናል። አንድ ቀን አያ ውብዬን በሰው ፊት አስጠራና፣ «የምታባንነኝ ያቺ አህያህ ናት። ይዘሃት ከመንደሬ ውጣ!» አለው።

አያ ውብዬ ደነገጠ። ልጆቹን ይዞ ወዴት ይሂድ? ትንሽ አሰበና፣ «ጌታዬ፣ ሦስት ሌሊት ይታገሱኝ። አህያዬ ወንዝ ማዶ አማቼ ቤት ትደር፤ እኔ እርስዎ ደጅ ልተኛ። እሷ ሳትኖር ከተኙ፣ አገር እለቃለሁ» አለ።

ጭቃ ሹሙ በሰው ፊት እንቢ ማለት አፈረና ተስማማ።

በመጀመሪያው ሌሊት ባነነ። ሽንቱ ወጥሮት እየተጣደፈ ወጣ።

«አህያዋ ጮኸች?» አለ አያ ውብዬ።

«ኧረ ዝም በል!»

«ማታ ስንት ዋንጫ ጠላ ጠጡ?»

«አምስት።»

በሁለተኛው ሌሊት ጠላውን ተወ። አሁንም ባነነ። ቃር እያቃጠለው፣ ደረቱን ይዞ እያገሳ ወጣ።

«አህያዋ ጮኸች?»

«ኧረ ዝም በል!»

«ማታ ምን በሉ?»

«አንድ ድስት ቅቅል… ልተኛ ስል።»

በሦስተኛው ሌሊት አልጠጣም፤ በጊዜ ቀለል ያለ ነገር ቀማመሰና ተኛ። ግን ባነነ። ወጥቶ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለ።

«አህያዋ ጮኸች?»

በዚህ ጊዜ ዝም በል አላለውም። «ሐሳብ ነው» አለ።

«የምን ሐሳብ?»

ጭቃ ሹሙ ጋቢውን ተከናነበ።

«እንግዲያው እኔ ልንገርዎ» አለ አያ ውብዬ። «አህያዬ አንድ ሌሊት ጮኻለች፣ አልዋሽም። የቀሰቀሰችው ግን እኔን ነው። ጅብ መጣባት ብዬ ብወጣ፣ እርስዎ የድንበሩን ድንጋይ ወደ እኔ እርሻ ሲያንከባልሉ አየሁ።»

ጭቃ ሹሙ በዚያ ብርድ ላብ በላብ ሆነ። «ታዲያ ለምን አልከሰስከኝም?»

«ለማን ልክሰስ? ዳኛው እርስዎ።»

ጭቃ ሹሙ እስኪነጋ እዚያው ተቀመጠ። በአገሩ ወግ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል። ሲነጋ ሽማግሌዎቹን ጠራና፣ ያንኑ የድንበር ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ እያቃሰተ አያ ውብዬ ፊት ቆመ።

«ማረኝ» አለ።

«ምሬዎታለሁ» አለ አያ ውብዬ። «ድንጋዩን ግን እዚህ እንዳያወርዱት። ቦታው ድረስ ይሂዱ።»

ሄደ። መንደሩ ሁሉ እያየው ቦታው መለሰው፤ ያን ሌሊትም ፀሐይ እስክትወጣ ተኛ።

እናንተም ሌሊት ስትባንኑ ጎረቤት ላይ አትጩኹ። መጀመሪያ ምን እንደጠጣችሁ፣ ምን እንደበላችሁ፣ ቀን ምን ስትሠሩ እንደዋላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። እኔ የሰማሁትን አድርሻለሁ፤ የቀረው የእናንተ ነው።