ራሱን ሊያስታርቅ የሄደው ሽማግሌ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆች። አጭር ናት፤ እራት ሳይቀርብ ታልቃለች። እኔም ዛሬ ብዙ የማወራበት አቅም የለኝም።

በድሮ ዘመን አያ ቢተው የሚባል አስታራቂ ነበረ። ሰውዬው ደግ ነው፣ አፉ ማር ነው፣ እግሩ ግን ቤቱን አይረግጥም። ባልና ሚስት ተጣሉ? አያ ቢተው ይጠራ። ወንድማማቾች በድንበር ተጋጩ? አያ ቢተው ይጠራ። ጎረቤት በዶሮ ተኳረፈ? ኧረ አያ ቢተው ይጠራ። ስሙ ከወንዝ ማዶ ሳይቀር የታወቀ ነው።

ሚስቱ እናኑ ደግሞ ብቻዋን ታርማለች፣ ብቻዋን ታጭዳለች፣ ብቻዋን ትበላለች። አንድ ቀን መረራትና ጓዟን ጠቅልላ ወንድሟ ቤት ገባች።

አያ ቢተው ሰው አስታርቆ ሲመለስ ምድጃው ቀዝቅዟል። ያለ እናኑ ቤቱ ቤት አልሆን አለው። ሽማግሌ ልላክ ብሎ አንዱን ለመነ።

“አንተ እያለህ እኔ ምን አውቃለሁ?” አለው።

ሌላውን ለመነ፤ ያው ነው። ሦስተኛውም ያው።

በዚያ አገር ደንብ አጥፊው ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ይቆማል፤ ሽማግሌው ከጎኑ ሆኖ ይናገርለታል። ይቅርታ እስኪገኝ ድረስ ማንም አይቀመጥም።

አያ ቢተው ምን ያድርግ፣ ብቻውን ሄደ። ድንጋዩን ተሸክሞ እንደ አጥፊ አጎነበሰ። ከዚያ አወረደና እንደ ሽማግሌ ቀና ብሎ ሰው እንደሚሳሳት፣ ትዳር ክቡር እንደሆነ አስረዳ። እናኑ በበሩ ቀዳዳ ታያለች። ንግግሩን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ስንት ዓመት ሲለማመደው ሰምታ።

እንደገና ተሸከመ። እንደገና አወረደ። ስለ ትዳር ክቡርነት እንደገና ተናገረ። የወንድሟ ልጆች ይስቃሉ። እናኑም ከውስጥ ሆና፣ መቆሙንማ ለምደኸዋል፣ ቁም አለችው።

ለሦስተኛ ጊዜ ሊሸከም ሲል ወገቡ እምቢ አለ። ያን ሁሉ ሽማግሌ አትቀመጡ እያለ ያስተማረ ሰው፣ ድንጋዩ ላይ ቁጭ። ንግግሩም ጠፋው።

“እናኑ፣ ደከመኝ” አለ። “ቤቱ ያላንቺ አልሆን አለኝ። ከእንግዲህ ቢጠሩኝ አልሄድም አልልሽም፣ ውሸት ይሆናል። በአረምና በአጨዳ ጊዜ ግን ካጠገብሽ አልጠፋም።”

ከዚያ በሩ ተከፈተ። እናኑ ወጣችና ጓዟን አሸከመችው። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ። ዞር ብላ አየችውና፦

“ታዲያ ይኼን ለማለት ድንጋይ ምን ያደርጋል?” አለችው።