መሬማ ያልደፈነችው ጉድጓድ

በቆላ ሐሮዬ ሰው ስለ ጉድጓድና ስለ ቤት የሚተርታት አንዲት አጭር ተረት አለች። ተረቷን ሁሉም ያውቃታል፤ አመጣጧ ላይ ሲደርሱ ግን አገሩ ሁለት ይሆናል። ላይ ሰፈሮች፣ «ነገሩን ያመጣው የመሬማ ጉድጓድ ነው። የጭቃ ሹሙ በቅሎ በሰላም መንገዷን ስትሄድ ገባችበትና እግሯ ተሰበረ» ይላሉ። ታች ሰፈሮች ደግሞ፣ «የምን መንገድ! በቅሎዋ ሆን ተብላ ተለቃ የመሬማን ማሽላ ስትግጥ ነው የገባችው። ከማሽላው ባትገባ ከጉድጓዱ ባልገባች» ብለው ይመልሳሉ። በቅሎዋ ተጠርታ አትመሰክር ነገር! የማይካደው፣ እግሯ መሰበሩና ጉድጓዱም በመሬማ መሬት ላይ መሆኑ ነው።

መሬማ ባሏ ከሞተ ስምንት ክረምት ያሳለፈች፣ እሱ የተወላትን ሁለት ጥማድ መሬት በወንፈል እያሳረሰች የምትኖር ሴት ነበረች። ከዚያ መሬት ሌላ ምንም የላትም። በማሳዋ ዳር ትልልቅ የምስጥ ኩይሳዎች ቆመዋል፤ ከኩይሳዎቹ ሥር ደግሞ አዋልዲጌሳ የቆፈረው ጉድጓድ አለ። አዋልዲጌሳ ጆሮው የአህያ፣ አፍንጫው የከርከሮ የሚመስል፣ ቀን ተኝቶ ውሎ ሲመሽ ምስጥ ፍለጋ የሚወጣ አውሬ ነው። አገሬው አይወደውም። ስሙ በኦሮምኛ «መቃብር አፍራሽ» እንደ ማለት ነውና፣ ዓይቶት የማያውቀው ሁሉ ሬሳ ያወጣል ብሎ ያማዋል።

መሬማም ብትሆን ጉድጓዱን የወደደችው በአንድ ቀን አይደለም። አንድ ጊዜ ፍየሏ ገብታበት ሞታለች። ያን ዕለት ዶማ ይዛ ልትደፍነው ስትሄድ ከመንገድ ዝናብ ያዛት። ከማሳዋ አጠገብ ካለው ዋንዛ ሥር ተጠልላ ስትመለከት፣ ከላይ እየጋለበ የመጣው ጎርፍ ከጉድጓዱ አፍ ሲደርስ እንደ ደከመው መንገደኛ ጎንበስ ብሎ ገባ። ከታች ካለው ማሽላዋ አንድ አገዳ እንኳ አልነቀለም። በዚያው ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ሲያቆምባቸው በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ማሽላ ብቻ ለምልሞ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ዶማዋን ትታ የጉድጓዱን ዙሪያ በእሾህ አጠረች። በቅሎዋ የገባች ሰሞን አጥሩ ሳስቶ እንደነበር ራሷም አልካደችም።

ጭቃ ሹም ሙሄ በቅሎዋ በገባች ማግስት ዶማ የያዙ አራት ሰዎች አስከትሎ መጣ። ሹመቱም አዲስ፣ ቤቱም አዲስ ነበር። ቤቱ በዚያ አገር ያልታየ ሰፊ አዳራሽ ሲሆን፣ የቆመው ከደጋ በሰው ትከሻ በወረደ ባሕር ዛፍ ነው። ሽማግሌው አያ ይመር፣ «ልጄ፣ እዚህ አገር ቤት የሚቆመው በወይራ ነው» ቢሉት፣ «ወይራ እስኪጠረብ አልጠብቅም» ብሎ አልፏቸዋል።

«መሬማ! በቅሎዬን አሳጣሽኝ!» አለ ገና ከሩቅ።

መሬማ አብሮ አደጉ ናትና ሹመቱ አላስደነገጣትም። «አላህ ይተካልህ» አለችው። «ማሽላዬን ግን ማን ይተካልኝ?»

«አፍሽን ያዢ! ይህ ጉድጓድ ዛሬ ይደፈናል። የሐሮዬ ጉድጓድ ሁሉ ይደፈናል፤ አውሬውም እየታደነ በጦር ይወጋል። ስሙ ራሱ መቃብር አፍራሽ!»

መሬማ ሄዳ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠች። ሁለት እግሯን ወደ ውስጥ ሰደደች።

«ባሌ እዚያ ማዶ ተቀብሯል» አለች በእጇ እያመለከተች። «ስምንት ዓመት ሙሉ ይህ አውሬ አንድ ቀን አፈሩን አልነካበትም። የሟቹን መሬት መነካካት የሚያምረው ሌላ ሰው ነው። በሉ ድፈኑ! ከነእግሬ ድፈኑት!»

ዶማ ከያዙት አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ሙሄ ሰው እያየው ሴት መጎተት አሳፈረው፤ ወዲያው ሌላ ዘዴ መጣለት። «እሺ፣ እንወራረድ። ሌላው ሰው ሁሉ ይደፍናል፤ አንቺ ያንቺን አቆዪ። ሁለት ክረምት አሳልፈን በጥቅምት እዚሁ ሕዝብ ፊት እንገናኝ። ጉድጓድ የሌለበት አገር ከተሻለ መሬቱን ለቀሽ ትሄጃለሽ።»

«የኔ ከተሻለስ?»

«ያንቺ?» ሙሄ ከት ብሎ ሳቀ። «ያንቺ ከተሻለ እኔ ዝም እላለሁ፤ ሕዝቡ የመሰለውን ይመርጣል።»

«አያ ይመር ዋስም ምስክርም ይሁኑኝ።»

ጩኸቱን ሰምተው የመጡት አያ ይመር ጠጋ ብለው፣ «ያለሽ እኮ ይህ ብቻ ነው» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ያለኝ ይህ ብቻ ስለሆነ አይደል እንዲህ የተቀመጥሁት?» አለች።

ሐሮዬ ሆ ብሎ ወጣ። ጉድጓዱ ሁሉ በድንጋይና በአፈር ተደፈነ፤ አዋልዲጌሳም በተገኘበት ተወጋ። ቀድመው የደፈኑት አያ ይመር ነበሩ፤ ዋስነት ቢገቡም ከሹም መጣላት አልፈለጉም። የመጀመሪያው ክረምት ሲያልፍ ሜዳው እንደ መዳፍ ተስተካክሎ አማረ። ሙሄ በአዲስ በቅሎ በመሬማ ደጅ ሲያልፍ፣ «እንዴት ዋልሽ፣ የጉድጓድ ባልቴት!» ይላታል።

«ደኅና ነኝ። አንተስ፣ ቤትህ እንዴት ነው?» ትለዋለች። ለሰላምታ ያህል ያለችው ነው እንጂ ያኔ የምታውቀው ነገር አልነበረም።

በሁለተኛው ክረምት ጎርፉ የሚገባበት አጣ። በየማሳው ቦይ እየቀደደ ወረደ። የሚበላው አውሬ የጠፋለት ምስጥም የሜዳውን ሣር ጨርሶ ወደ ሰው መጣ። የተከመረውን አገዳ ከሥሩ በላው፤ ጎታውን ቦረቦረው። ሰዎች ተናደው ኩይሳ ማፍረስ ሲጀምሩ መሬማ፣ «እሱንስ ተዉት» አለቻቸው። «ወዳቂውን ቅጠል እየሳበ አፈር የሚያደርግላችሁ ማን ሆነና? ጎታችሁንስ በምን አፈር ነው የምትመርጉት? ምስጥ ልክ ያጣው ልኩን የሚያሳየውን ስለገደላችሁበት ነው።» የሰማት የለም። እሷም ዘንድ ምስጥ አልጠፋም። ነገር ግን በየማለዳው የተፈነቀለ ኩይሳና አውሬው ጅራቱን የጎተተበትን መስመር ታያለች፤ ባየችም ቁጥር ልቧ ይመለሳል።

መስከረም ሲያልቅ ሙሄ አንድ ማለዳ ኮርቻውን ከምሰሶው ሊሰቅል እጁን ቢያሳርፍ እጁ ገባ። ባሕር ዛፉ ላይ ላዩን ደኅና ይመስላል እንጂ ውስጡ በምስጥ ተበልቶ አፈር ሆኖ ኖሯል። ቤተሰቡን ተሯሩጦ እንዳስወጣ አዳራሹ ዘመመና ቁጭ አለ። ሰው አልተጎዳም። ቤት ግን አልቀረም።

ቀጠሮው ደረሰ። ሕዝቡ ከዋንዛው ሥር ተሰበሰበ። ሙሄ በድንኳን እያደረ ስለሰነበተ ዓይኑ ቀልቷል፤ አንደበቱ ግን አልተሰበረም።

«ይህ የአላህ ቁጣ ነው!» አለ። «ቁጣውን ያመጣችብን እሷ ናት። ያ አውሬ ተሸሽጎ የቀረው በሷ ጉድጓድ ነው። ዛሬ ይደፈን፤ እሷም መሬቱን ትልቀቅ!»

መሬማ ተነሣች። በእጇ ወደ ማሳዋ አመለከተች። «ሙሄ፣ ማሽላዬ ያውልህ። ቤቴም ያውልህ፤ ጎጆ ናት፣ ግን ቆማለች። ዝም እላለሁ ያለው ምላስህ የት ሄደ? አልደፍንም። መሬቴንም አለቅም። የቀረውን ዋሴ ይናገር።»

ዓይን ሁሉ ወደ አያ ይመር ዞረ። ሽማግሌው ተነሡ። ከዚያ ዱላቸውን ከዋንዛው አስደግፈው ከአጠገባቸው ከቆመው ሰው ዶማ ተቀበሉ።

«ወዴት ነው፣ አያ ይመር?» አለ ሙሄ።

«ወደ ማሳዬ። ፈርቼህ ቀድሜ የደፈንሁት እኔ ነበርሁ። ዛሬም እፈራሃለሁ፤ ምስጡን ግን ከአንተ አብልጬ ፈራሁት።»

ሰዉ ሳቀ። አያ ይመር ግን አልሳቁም። ዶማውን ከትከሻቸው ላይ አስተካክለው ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ሕዝቡ ይመርጣል ተባብለን ነበር፤ እኔ መርጫለሁ! የደፈንሁትን እከፍታለሁ፤ የመሬማ እንግዳ ወደኔ ሲመጣም ጦር አላነሣበትም። ካልጣመህ ክሰሰኝ፤ ዳኛውም ቤት ያለው ሰው ከሆነ ነገሩ አይጠፋውም፦ ጉድጓድ የጠላ፣ ቤቱን አስበላ!»