ዱቤ የማያውቀው ፕሮግራም

ነገሩ የመቶ ሃያ ሺህ ብር ነበር። ደሴ ላይ ሲሚንቶና ብረት በጅምላ የሚሸጠው ዘርጋው፣ የኮምፒዩተር የሽያጭ ፕሮግራም ለሠራለት ለኑርልኝ ሊከፍል የሚገባው ነው።

ዘርጋው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሐሳቡ ግን ከምሳ በፊትና ከምሳ በኋላ አንድ ሆኖ አያውቅም። መጀመሪያ «ፕሮግራሙ ለማንም ዱቤ እንዳይሰጥ» አለ። በሳምንቱ «ለሚስቴ ወንድም ለእሸቴ ግን ይስጠው» አለ። እሸቴ ወስዶ ድምፁን ሲያጠፋ «ለእሱ በተለይ ይከልከል» አለ። ሚስቱ ስታኮርፍ ደግሞ «ይከልከል፤ ግን የተከለከለ እንዳይመስለው!»

ኑርልኝ አዲስ ትእዛዝ በመጣ ቁጥር ከድሮዎቹ ጋር ሳያስተያይ አይሠራም።

«ጋሼ፣ ይሄ ከማክሰኞው ጋር ይጣላል።»

«ታዲያ አስታርቃቸዋ! ለምንድን ነው የምከፍልህ?»

በመጨረሻ ኑርልኝ «ከሁሉም አንዱን ይምረጡልኝ» ብሎ ያዘው። ዘርጋውም በንዴት፣ «እንግዲያው በዚህ ቤት ማንም ሰው ሳይከፍል ምንም ነገር አይወስድም!» አለ።

«እርስዎም?»

«እኔም ብሆን! አባቴም ከመቃብር ቢነሣ!»

ኑርልኝ እንደዚያው አድርጎ ሠራው። ሥራው አልቆ ክፍያ ሲጠይቅ ግን ዘርጋው «ከፋሲካ በኋላ» አለ። ተጨቃጨቁና አንድ ቀን እኛን ሽማግሌዎችን መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰቡን። ወንበር ስላልነበረ በሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጥን። ዘርጋው በበኩሉ የመረጠው ሽማግሌ፣ ያደላልኛል ብሎ፣ ያንኑ እሸቴን ነው። እሸቴም የመጣው በባዶ አይሱዙ ነው። ለዕርቅ የጭነት መኪና ይዞ የመጣ ሽማግሌ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ዘርጋው ጀመረ። «ገንዘቡን አልካድኩም። ከፋሲካ በኋላ እከፍላለሁ። እስከዚያ ፕሮግራሙ ይሥራልኝ።»

«እኔማ እሺ ብዬ ነበር» አለ ኑርልኝ። «ፕሮግራሙ ነው እምቢ ያለው።»

«ምን ብሎ?»

«የመቶ ሃያ ሺህ ብር ዕቃ፣ ፕሮግራሙን ራሱን፣ ሳይከፍል የሚወስድ ሰው አለ ብዬ የእርስዎን ስም አስገባሁ። ከለከለ።»

«እኔ እኮ ባለቤቱ ነኝ!»

«‹እኔም ብሆን› ብለውት የለ? አባትዎንም ሞክሬ ነበር፤ እሳቸውንም ከልክሏል።»

ሽማግሌው ሁሉ ሳቀ። ዘርጋው ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«እንግዲያው ያን ትእዛዝ ቀይሬዋለሁ! አሁኑኑ አጥፋው!»

ኑርልኝ ወደ መጋዘኑ ኮምፒዩተር ጠጋ አለ። ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳርፎ ወደ እሸቴ ዞረ።

«እሺ ጋሼ፣ ላጠፋው ነው፤ ከጠፋ ዱቤ ለሁሉም ክፍት ነው። ጋሽ እሸቴ፣ መኪናዎ በር ላይ ነው አይደል? ስንት ኩንታል ልጻፍልዎ?»

ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ያልተነፈሰው እሸቴ፣ «መቶ!» ብሎ ተነሣ።

«ተው! እንዳትነካው!» ብሎ ዘርጋው ጮኸ። ያንኑ ሰዓት፣ እኛው ፊት፣ መቶ ሃያ ሺውን ከፈለ።

ሒሳቡ ሲዘጋ እንዲህ ሆነ። ኑርልኝ የድካሙን አገኘ። ዘርጋው መቶ ኩንታል ሲሚንቶ አተረፈ። እሸቴ መኪናውን ባዶውን ይዞ ተመለሰ። የከሰርኩት እኔ ነኝ፤ ነጩ ጋቢዬ ሲሚንቶ ለብሶ ቀረ። ለማሳጠቢያ የሚሆን ዘርጋውን ብጠይቀው፣

«ከፋሲካ በኋላ» አለኝ።