ሰዓዳ እርጎ ፍለጋ የወጣች ጊዜ

ቀረብ በሉ፣ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ቃል በቃል ላይ እየቀጠልኩ ልንገራችሁ።

በቱርክ አገር፣ ከተራራ ሥር፣ ዶሮ ሲጮህ ከዳር እስከ ዳር የሚሰማባት ትንሽ መንደር አለች። ወደዚያች መንደር ሰዓዳ የምትባል የኮምቦልቻ ሴት መጣች። ባሏ ጀላል የመንደሩ ልጅ ነው። ለመንገድ ሥራ ኮምቦልቻ መጥቶ አገኛት፣ አገባት፣ እዚያው ብዙ ኖሩ። ጉበቱን ሲያመው ግን «አገሬ ልግባ» አለና ይዟት ተመለሰ። ሰዓዳ ጸጉሯ ሸብቷል፤ መንደሩ ግን «ገሊን» ይላታል፤ ሙሽሪት ማለት ነው። በመንገድ ሰላም ይሏታል። ቤቷ የሚገባ ግን የለም።

በረዶው ቀልጦ ምድሩ ጭቃ በሆነ ሰሞን ጀላል እህል እምቢ አለው። አንድ ጠዋት ዓይኑን ገለጠና፣ «ሰዓዳ፣ የእርጎ ሾርባ አማረኝ። ትኩስ፣ ናና ጣል ያለበት» አላት።

ሰዓዳ ደስ አላት። የሚበላ ነገር ስም ከአፉ ከወጣ ሰንብቷል። ዘንቢሏን አንጠልጥላ ወጣች።

መጀመሪያ ረምዚ ሱቅ ገባች። ሳሙና አለ፣ ሻይ ቅጠል አለ፣ ብስኩት አለ።

«ረምዚ፣ እርጎ ስጠኝ።»

«የለም ገሊን። ሚኒባሱን ጭቃ ይዞት ከከተማ ዕቃ አልመጣም። ላም ያላት ጉልሱም ናት፤ እሷን ጠይቂ።»

እርጎ ካልተገኘ፣ ጀላል አይቀምስ። ሰዓዳ ወደ ጉልሱም ሄደች።

ጉልሱም በረት ስትጠርግ ነበር። «እህቴ፣ ባለቤቴን እርጎ አምሮታል» አለቻት ሰዓዳ በተሰባበረ ቱርክኛዋ። ጉልሱም የላሟን ጎን ዳበሰች፤ አጥንቷ ይቆጠራል።

«ምን ላድርግልሽ? ያለቻት ጠብታ ለጥጃዋም አልበቃች። ድርቆሽ ካላገኘች አትታለብም። ድርቆሽ ያለው ሐይዳር ነው።»

ድርቆሽ ካልመጣ፣ ላሚቱ አትታለብ፤ ላሚቱ ካልታለበች፣ እርጎ አይገኝ፤ እርጎ ካልተገኘ፣ ጀላል አይቀምስ። ሰዓዳ ወደ ሐይዳር ሄደች።

ሐይዳር እንጨት ይፈልጣል። መጥረቢያውን አሳረፈና አዳመጣት። «በጎቼን ሸጫለሁ፤ ድርቆሹ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ውሰዱት። ግን ላይኛው ማሳ ላይ ነው የተከመረው፤ በሰው ጀርባ አይወርድም። ዱርሙሽ በትራክተሩ ያውርደው።»

ትራክተሩ ካልወጣ፣ ድርቆሹ አይወርድ፤ ድርቆሹ ካልወረደ፣ ላሚቱ አትታለብ፤ ላሚቱ ካልታለበች፣ እርጎ አይገኝ፤ እርጎ ካልተገኘ፣ ጀላል አይቀምስ። መንገዷን በቤቷ በኩል አደረገች። ጀላል በሩ ሲንቋቋ ሰማ።

«ተገኘ?»

«እየመጣ ነው» አለችው። ዓይኑን ሳታይ ተመልሳ ወጣች።

ዱርሙሽ እጁ ዘይት በዘይት ሆኖ ከትራክተሩ ሥር ወጣ። «ትራክተሬስ ደህና ነው። መንገዱ ነው የጠፋ። ወደ ላይኛው ማሳ የሚወጣው በእማማ ፋድሜ ግቢ ነው፤ በሩን ከቆለፉት ቆዩ።»

«ለምን አትለምናቸውም?»

ዱርሙሽ አንገቱን ደፋ። «ልጃቸው ኢልያስ በሰው አገር ፎቅ ሲሠራ ወድቆ ሞተ። እዚያው ቀበሩት። ወሬው ሲደርሰን አጨዳ ላይ ነበርን። ሬሳ የለ፣ ቀብር የለ፤ ዛሬ እንሂድ፣ ነገ እንሂድ ስንል ሳንደርሳቸው ቀረን። አሁን በምን ዓይኔ ልያቸው?»

በሩ ካልተከፈተ፣ ትራክተሩ አይወጣ፤ ትራክተሩ ካልወጣ፣ ድርቆሹ አይወርድ፤ ድርቆሹ ካልወረደ፣ ላሚቱ አትታለብ፤ ላሚቱ ካልታለበች፣ እርጎ አይገኝ፤ እርጎ ካልተገኘ፣ ጀላል አይቀምስ።

ሰዓዳ የእማማ ፋድሜን በር አንኳኳች።

«ማን ነው?»

«ሰዓዳ ነኝ፣ የጀላል ሚስት።»

«መንገድ ፈልገሽ ከሆነ ተመለሺ፤ ሐዘኔን ያልደረሰ በበሬ አያልፍም!»

ሰዓዳ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። ስለ እርጎው ልትናገር ነበር፤ ተወችው። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃ ለበሰች።

«እማማ፣ መንገድ አልጠይቅዎትም። ኢልያስ ምን ዓይነት ልጅ ነበር?»

ቁልፉ ዞረ፤ በሩም ሰው ብቻ በሚያሳልፍ ልክ ገርበብ አለ። «ሳቂታ ነበር» አሉ እማማ ፋድሜ። «ሳቂታ ነበር ልጄ። እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም።»

ሰዓዳ ገብታ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ በአገሯ ወግ፣ በአገሯ ቋንቋ ሙሾ አወጣች፦

«ከፍ ብለህ ሠራህ ለሰው ቤት ጣራ፣
እናትህ በር ላይ ቀረች ስትጣራ።»

አሮጊቷ ቃሉ አልገባቸውም፤ የልጃቸውን ስም ግን በለቅሶው መሐል ሲመላለስ ሰሙ። ተያይዘው አለቀሱ። ሰዓዳ ለኢልያስ ጀምራ ለጀላል ስታለቅስ ራሷን አገኘችው፤ እሱ ገና በሕይወት እያለ እንዲህ ማልቀሷ አስፈራት፤ ማቆም ግን አልቻለችም።

ለቅሶው በአጥሩ አልፎ ተሰማ። ዱርሙሽ ኮፍያውን አውልቆ ገባ፣ የእማማን እጅ ስሞ ተንበረከከ። ሐይዳር መጥረቢያውን ጥሎ መጣ፣ ጉልሱም መጥረጊያዋን፣ ረምዚ ሱቁን ዘግቶ። «ይቅር ይበሉን» አሉ። እማማ ፋድሜ ተነስተው ሄደው ሰፊውን በር ወለል አድርገው ከፈቱት።

በሩ ተከፈተ፣ ትራክተሩ ወጣ፤ ትራክተሩ ወጣ፣ ድርቆሹ ወረደ፤ ድርቆሹ ወረደ፣ ላሚቱ በላች፤ በልታም ከቀናት በኋላ ታለበች፤ ወተቱ ረጋ፣ እርጎ ተገኘ። ጉልሱም በመዳብ ሳህን ይዛው መጣች፣ ሰዓዳም ሾርባውን ሠራች።

ያኔ ጀላል ራሱን ቀና ማድረግ አቅቶት ነበር። በክንዷ ደግፋ በማንኪያ አቀመሰችው። ዓይኑን ጨፍኖ አጣጣመው።

«እናቴ እንዲህ አልነበረም የምትሠራው።»

«አልጣመህም?»

«ይጣፍጣል። ያንቺ ነው» አላት። ትንሽ በላ፣ ትንሽ ተረፈ።

በግቢያቸው ያለው የአፕሪኮት ፍሬ ዛፍ ሳያብብ ጀላል ሞተ። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ቀበረው።

በማግስቱ ወንድሟ እድሪስ ከኮምቦልቻ ደወለ። «ሰዓድዬ፣ ተነሺና ነይ። እዚያ ማን አለሽ?»

ሰዓዳ በእንባዋ መሐል ቤቱን አየች። በሩ አጠገብ ረምዚ ሻይ ያድላል። ጉልሱም ልብስ ታጥፋለች። ሐይዳር ምድጃው ላይ እንጨት ይጨምራል። ዱርሙሽ ወንበር ተሸክሞ ይገባል። እማማ ፋድሜ ከጎኗ ናቸው፣ እጇን እንደያዙ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

«እድሪስ፣» አለች በሹክሹክታ፣ «የጎመን ዘር ላክልኝ። አፈሩ ጥሩ ነው።»

እኔ የያዝኩትን ሰጠኋችሁ፤ ለሐዘንተኛ ጎረቤታችሁ አድርሱልኝ።