ለዘበኛው ያልተነገረው የይለፍ ቃል

አንዲት ሴት ነበረች። ሥራዋ ምንድን ነው? የሰውን ዋይፋይ፣ ባለቤቱ ፈቅዶላት፣ ሰብራ ለመግባት መሞከር። ሌባ ሳይቀድም ቀዳዳውን ታሳያለች። እንጀራዋ ነው።

አንድ ቀን አንድ ክሊኒክ ጠራት። አንድ ስልክ ከዋይፋዩ ጋር ለመገናኘት ሲሞክር ጠብቃ ልውውጡን ቀዳች፤ ኮምፒውተሯም ከዚያ ውስጥ የይለፍ ቃሉን ፈልፍሎ አወጣላት። ደስ አላት። ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆማ ጻፈችው፤ ዋይፋዩ እምቢ አለ። ደገመችው፤ እምቢ አለ።

ይህ እንዴት ይሆናል? ኮምፒውተሯን ፈተሸች፣ አንቴናዋን ቀየረች፣ ሁሉን ከሀ ጀመረች። ያው ቃል ወጣ፤ ያው እምቢታ። ሰውየውም ሰዓቱን ማየት ጀመረ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ጠረጠረች። ያ ስልክ ራሱስ ገብቶ ነበር ወይ? አልገባም። በየደቂቃው ያንኳኳል፣ ዋይፋዩ ይመልሰዋል። ለካ ቁልፉን የቀዳችው ውጭ ከቀረ ሰው ኖሯል።

የማን ስልክ ነው? ሲግናሉን ተከትላ ሄደች። በሩ ላይ፣ ዘበኛው ጋሽ ደምረው ኪስ ውስጥ አገኘችው።

«ጋሽዬ፣ ዋይፋዩ ይሠራልዎታል?»

«ይሠራል እንጂ ልጄ። ድሮ ነርሷ አስገብታልኛለች።»

«ከማን ጋር ይደዋወሉበታል?»

«ቤይሩት ካለችው ከልጄ ከእታገኝ ጋር ነበር። ዝም ካለችኝ ሦስት ወሯ። ምን እንዳስቀየምኳት እንጃ። እርሜን አውጥቻለሁ።»

ሴትዮዋ ሥራ አስኪያጁን ጠርታ ጠየቀችው። የይለፍ ቃሉ የተለወጠው ከሦስት ወር በፊት ነው። ለሐኪሞቹ ተነግሯል፣ ለካርድ ክፍል ተነግሯል፣ ለጽዳቷ እንኳ ተነግሯል። ለእሳቸው የነገረ የለም።

ሥራ አስኪያጁ አዲሱን ቃል ሲያስገባላቸው ስልኩ መጮኽ ጀመረ። አንዱ መልእክት ሳያልቅ ሌላው ይገባል። ጋሽ ደምረው የመጀመሪያውን ከፈቱ። የልጅቱ ድምፅ ነው፦ «አባዬ፣ ምን አድርጌህ ነው የማትመልስልኝ?»

ወገኖቼ፣ ይህን ስሰማ ክው ብዬ ቀረሁ። ያስደነገጠኝ ስልኩ አይደለም። ሦስት ወር ሙሉ «ጋሽ ደምረው፣ እንዴት አደሩ?» እያሉ በአጠገባቸው ያለፉት ናቸው። በር ላይ ስላዩዋቸው የገቡ መሰላቸው።

እናንተስ? በየሳምንቱ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሰላም የምትሉት ሰው የለም? «እግዚአብሔር ዝም አለኝ» ብሎ ተስፋ ቆርጦ እንደሆነ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? ዛሬ ስትወጡ ሰላም ብላችሁ አትለፉት። ቁሙ፤ ጠይቁት፤ እዚህ ውስጥ የሰማችሁትን ቃል ንገሩት። የሰማይ አባቱ ቀን ከሌት ሲጠራው የከረመ ሰው «የሚፈልገኝ የለም» ብሎ ከሞተ፣ ዝም ያልነው እኛ ነን።