ጓጉንቸር የታሰረበት ሰዓት

በእኛ ከተማ አንድ ሰው ራሱን ሸንግሎ ጊዜ ያተረፈ ሲመስለው፣ ሽማግሌዎቹ አንዲት አባባል ጣል ያደርጋሉ። ወጣቶቹ ከጥንት የመጣች ይመስላቸዋል። አይደለችም። የመጣችው ከባቡር ጣቢያችን ነው። በተባለችበት ቀን የሚዜ ቀሚስ ለብሼ እዚያው ቆሜ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከጥፋቱም ትንሽ ድርሻ አለኝ።

ጋሽ ሽብሩ አርባ ዓመት ሙሉ የጣቢያውን ደወል የመታ ሰው ነው። እሱ ሲደውል ከተማው ሰዓቱን ያስተካክላል። በደቂቃ ቀልድ አያውቅም። አቶ ቸርነት የሚባሉ ጎረቤታችን ሙሽራ በሆኑበት ዕለት አጃቢዎቻቸውን አስከትለው አንዲት ደቂቃ ዘግይተው ቢደርሱ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየ ደወሉን መታባቸው። ባቡሩ ጥሏቸው ሄደ፤ ሙሽራይቱ ዘንድ የደረሱት በማግስቱ ነው። አቶ ቸርነት ሰላምታ አልነፈጉትም፣ ቂሙን ግን አልተዉትም።

ጡረታ ሲወጣ የሥራ ጓደኞቹ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙት፤ ከሥሩ ዘንግ የሚወዛወዝበት፣ ቋ ቋ የሚል ትልቅ ሰዓት። ሌላው ንብረቱ ጊታር ነበር። ጊታሩ የሟች ወዳጁ የልሳኑ ነው። ልሳኑ ማታ ማታ በረንዳው ላይ የሚጫወታት አንዲት ፈጣን ዜማ ነበረችው፤ ሰፈሩ ሁሉ በእሷ ያጨበጭብ ነበር። ሲሞት ጊታሩን ለጋሽ ሽብሩ አደራ ብሎ ሄደ። የልሳኑ ልጅ ስንዱ ልታገባ ሦስት ወር ሲቀራት ጋሽ ሽብሩ ቤት መጣችና፣ አባቴ ባይኖር ዜማው በሠርጌ ላይ ይኑርልኝ፣ ካንተ በቀር ማንን እለምናለሁ አለችው። እሺ አላት። ጊታር መምታት እንደማይችል ትዝ ያለው እሷ ከሄደች በኋላ ነው።

ዕድሜው ስልሳ አራት ነበር። ጣቶቹ አርባ ዓመት የደወል ገመድ የጎተቱ ናቸውና አንዱ ሲታዘዝ ሌላው ያምፃል። በሠርጉ ላይ የሚጫወተው ባንድ ጊታሪስት ታፈሰ ሊያስተምረው ተስማማና ሕግ አወጣለት። ይህ ሰዓት ቋ ባለ ቁጥር አንድ ምት ትመታለህ፤ ዜማውን ከላይ እስከ ታች ከሰዓቱ ሳትለይ የጨረስክ ቀን ከባንዱ ጋር ትቆማለህ፤ አለዚያ ከበሮው ጥሎህ ይሄዳል፣ ሙሽራይቱንም ታሳፍራታለህ አለው።

ሽማግሌ ጊታር ሲታገል መታየቱን እንደ ነውር ስለቆጠረው መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዶ ጀመረ። ወር ሙሉ ሰዓቱ እየቀደመው ሄደ። ሦስተኛው ምት ላይ ሲደርስ ሰዓቱ ሰባተኛው ላይ ነው። በመጨረሻ ሰዓቱን አውርዶ ተሸከመና ሰዓት ሠሪው አብዶሽ ዘንድ ሄደ።

«ይቸኩላል» አለው።

አብዶሽ አየው፣ አዳመጠው፣ ከራሱ ሰዓት ጋር አስተያየው። «ሰዓቱ ደህና ነው። የቸኮለው ማነው?»

ያኔ ጋሽ ሽብሩ አፍሮ ሁሉንም ነገረው። አብዶሽ «ቀስ በቀስ…» ብሎ ሲጀምር፣ ጋሽ ሽብሩ እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ስንዱ ሦስት ልጅ ትወልዳለች አለና አስቆመው። አብዶሽ ግን ጥበበኛ ነው። ከዘንጉ ጫፍ ረዘም ያለ ገመድ አንጠልጥልና ከባድ ነገር እሰርበት፣ ሰዓቱ በግማሽ ይዘገያል፣ ጣትህም ይደርስበታል አለው። ከዚያ ግን በየሳምንቱ ዓርብ ገመዱን አንድ ጣት ታሳጥራለህ፤ ገመዱ ሲያልቅ አንተም ከትክክለኛው ሰዓት ጋር እኩል ትሆናለህ አለው። ጋሽ ሽብሩ ዓርብን ላይዘልል ቃል ገባ።

የሰዓቱን ሳጥን ታች በመጋዝ ቀደደና የቁም ሣጥኑን ጓጉንቸር በገመድ አሰረበት። ሰዓቱ ቋ ብሎ፣ አሰብ አድርጎ፣ እንደገና ቋ ይል ጀመር። ጋሽ ሽብሩ ዜማውን ከላይ እስከ ታች ጨረሰ፤ ደስ ብሎትም አለቀሰ። ዓርብ ሲመጣ ገመዱን አንድ ጣት አሳጠረ። ሰዓቱ ወዲያው ቀደመው። ተቀየመና መልሶ አስረዘመው። በሚቀጥለው ዓርብ ጭራሽ አልነካውም። ሰው በስልሳ አራት ዓመቱ አንድ ነገር ተሳክቶለት በገዛ እጁ ያበላሻል? ልምምዱን ሲጨርስ ጓጉንቸሩን ይፈታል፣ የጣቢያው ደወል ሲሰማ ሰዓቱን ያስተካክላል፤ በማግስቱ መልሶ ያስራል። ለታፈሰም ከሰዓቱ ጋር እኩል ደረስኩ ብሎ ላከበት። ታፈሰ አመነ። በሰዓት ነገር ጋሽ ሽብሩን ማን ይጠረጥራል?

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጓጉንቸሩን አስሮ ለመጨረሻ ጊዜ ልለማመድ ብሎ ተቀመጠ። ምሳው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ስንዱና ሙሽራው ደግሞ በዘጠኝ ሰዓቱ ባቡር ወደ እሱ አገር ይሄዳሉ። ጋሽ ሽብሩ ዜማውን እየደጋገመ ሰዓቱን ቀና ብሎ ያያል፤ ገና ሦስት ሰዓት ነው። ሆዱ ጮኸ። ሦስት ተኩል ሲል ረሃቡ ባሰበት። ኋላ እሱ ራሱ እንዳጫወተን፣ ዕድሜ ሲገፋ ሆድ ይቸኩላል ብሎ ሆዱን ተቆጣው። አርባ ዓመት ሰዓት ያመነ ሰው ሆዱን አያምንም።

እኛ ዘንድ ምሳ ተበላ፣ ተጨፈረ፣ ስንዱ ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም። ሰባት ሰዓት ላይ እኔን ላከችኝ። በሩን መታሁ፣ መልስ የለም። እሱ ለካ ገና አራት ሰዓት ተኩል ነው ብሎ፣ ጎረቤት በጩኸቱ ሊቆጣው የመጣ መስሎት፣ ክሮቹን በመዳፉ አፍኖ ትንፋሹን ውጦ ተቀምጧል። ከውስጥ ሰዓት ሲቆጥር ብቻ ሰማሁ፤ እንደ በሽተኛ ቀስ ማለቱም ገርሞኛል። ከመግፋት ይልቅ ተመልሼ የለም አልኳት። ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲል ጋሽ ሽብሩ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ክራቫቱን እያሰረ ሳለ የባቡሩ ጥሩምባ ተሰማ። ሰዓቱን አየ። ባቡሩ ሦስት ሰዓት ተኩል ቀድሞ መጥቷል! እንዲህ ያለ ጉድ በዘመኑ አልደረሰም። ጊታሩን እንደያዘ፣ ተተኪውን ደወል መቺ ልክ ሊያስገባ ወደ ጣቢያው ሮጠ።

ሠርገኛው ሁሉ ሙሽሮቹን ሊሸኝ ጣቢያው ላይ ቆሟል። ጋሽ ሽብሩ ሰዉን ጥሶ ደወሉ ሥር ደረሰ።

«በአምስት ሰዓት ተኩል ማን ደውል አለህ?»

«ጋሼ፣ ዘጠኝ ሰዓት እኮ ነው» አለ ደወል መቺው፣ በፍርሃት።

«የእኔ ሰዓት አምስት ተኩል ነው የሚለው።»

ይህን ያለው ጋሽ ሽብሩ ነው። ደወል መቺው ገመዱን ለቀቀ። ከሠርገኛው መካከል ሁለት ሰዎች ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። አንዲት አሮጊትም፣ ታዲያ ምሳውን በጠዋት ነው እንዴ የበላነው ብለው ጠየቁ።

አብዶሽ ቀረብ አለና ዝቅ ባለ ድምፅ «ሽብሩ፣ ጓጉንቸሩን ፈትተኸዋል?» አለው።

ጋሽ ሽብሩ መሬት መሬቱን አየ። ጥላው ወደ ምሥራቅ ተጋድሟል። ፊቱ ሲለወጥ እኔም አለቀስኩ፤ ሳቄ ግን አልተወኝም።

ደወሉ ተመታ። ስንዱ በመስኮት ብቅ ብላ «ጋሼ፣ አሁንም ተጫወትልኝ» አለችው።

ጀመረ። ባቡሩ ሲነሣ ቀስ ብሎ ነውና መንኮራኩሩ ቋ ይላል፣ ያርፋል፣ ቋ ይላል፤ ልክ እንደ ታሰረው ሰዓት። ጋሽ ሽብሩ እኩል ሄደ። የልሳኑ ዜማ ነበረች፣ ሰዉም ማጨብጨብ ጀመረ፣ ስንዱም በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። ባቡሩ ትንሽ ፈጠነ፤ ጋሽ ሽብሩ ጎን ለጎን እየተራመደ መታ። ደግሞ ፈጠነ፤ እሱም ሮጠ። እግሩ ደረሰ፣ ጣቶቹ ግን ቀሩ። ሁለተኛው ስንኝ ሳያልቅ የጣቢያው ወለል አለቀ፤ ባቡሩ ቀሪውን ዜማ ሳይሰማ ሄደ።

ጫፉ ላይ ጊታሩን አቅፎ ቆሞ ቀረ። ማንም ሊጠጋው አልደፈረም። በመጨረሻ የሄዱት አቶ ቸርነት ናቸው። እንደሚሳለቁበት ሁላችንም ጠብቀን ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቁት ቀን ነውና። እሳቸው ግን ጊታሩን ተቀብለው በራሳቸው ትከሻ አነገቱ፣ ክራቫቱን አቃኑለት፣ ርቆ የሚሄደውን ጭስ ከእሱ ጋር ትንሽ አዩና እንዲህ አሉት፦ «አይዞህ ሽብሩ፣ ሰዓት ቢያስሩ ፀሐይ አትታሰርም።»