አህያውና የልጁ የክርስትና አባት

አንድ ጊዜ አንድ አህያ ሚስቱ ወልዳ በሳምንቷ ሞተችበት። ትንሽ ወንድ ውርንጭላ ይዞ ቀረ። ጎረቤቱ ላም ወተት እየሰጠች አገዘችው። እሱ ግን ከማለዳ እስከ ምሽት ጨው ይሸከም ስለነበር ልጁን የሚያገኘው ሲተኛ ብቻ ነው። ጆሮውን በአፍንጫው ዳበስ ያደርግለትና አጠገቡ ይጋደማል። ይወደው ነበር። ከመውደዱም ብዛት ይፈራ ነበር፤ ጫካው ጅብ አለበት።

የልጁ አርባ ቀን ሲደርስ የክርስትና አባት መፈለግ ግድ ሆነ።

«በሬው ጨዋ ነው፤ እሱን ለምነው» አለች ላሚቱ።

«እኔ የምለምነው አያ ጅቦን ነው።»

«አብደሃል?»

«አላበድኩም። አበ ልጅ ከሆነ በኋላ እንዴት ይበላዋል? ሌላውስ ማን ይደፍረዋል? እኔም ሥጋት የለብኝም።»

ጅብ ልመናውን ሲሰማ ለሃጩ ተዝረበረበ። አጠገቡ የነበረችው ቀበሮ ቶሎ ብላ፣ «ደስ ብሎት ነው። የእሱ እንባ በአፉ ነው የሚመጣው» አለች።

በአርባኛው ቀን እንስሳቱ ወንዝ ዳር ተሰበሰቡ። ቄሳቸው ነጭ ካባ የደረበው ጉሬዛ ነበር። ውርንጭላውን አጠመቀው፤ ማዕተብ አሰረለት፤ ወደ ጅብም ዞሮ ጠየቀ።

«ጸሎት ታስተምረዋለህ?»

«አስተምረዋለሁ።»

«ጾምስ?»

ጅብ ቀበሮን አየ። ቀበሮ፣ እሺ በል ብላ ጠቀሰችው።

«ጾምም» አለ እየከበደው።

ሥርዓቱ ሲያልቅ ጅብ ወደ አህያው ጠጋ አለ። «ልጄን ቤቴ ወስጄ ላስተምረው። አንተ ሥራ ይበዛብሃል።»

አህያው እፎይ አለ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አያ ጅቦ። እርስዎ ካሉለት እኔ ምን አደርግለታለሁ?»

ላሚቱ አለቀሰች።

መንገድ ላይ ጅብ ውርንጭላውን ሊውጠው አፉን ሲከፍት ቀበሮ ከለከለችው። «ተው እንጂ! አሁን ለአንድ ጉርሻ አይበቃህም። ሳምንት ሣር ይብላና ይወፍር። ጉበቱ ደግሞ የእኔ ነው።» ጅብ ሳምንት መቁጠር አይችልም ነበር። ቀበሮ ቆጠረችለት።

ሳምንቱ የሞላው ረቡዕ ነው። በዚያን ቀን አህያው ጨው ተሸክሞ ሲያልፍ ጉሬዛ ከዛፍ ላይ ጠራው።

«ልጁ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ አባ። የክርስትና አባቱ ዘንድ ነው።»

«ካየኸው ስንት ቀን ሆነህ?»

«ሳምንት። ሥራ በዛ፣ አባ። የምሸከመውም ለእሱ ብዬ ነው።»

«የክርስትና አባት አባትን ያግዛል እንጂ አባትን አያሳርፍም። ልጁን እግዚአብሔር የሰጠው ለማን ነው?»

«ለእኔ።»

«የሚጠይቀውስ ማንን ነው?»

አህያው ጀርባውን አራግፎ ጨዉን መንገድ ላይ ጣለና ሮጠ።

ሲደርስ ውርንጭላው በጅብ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ጅብ ከንፈሩን ይልሳል። ቀበሮ ጉበቷን ትጠብቃለች።

«አያ ጅቦ» አለ አህያው እያለከለከ፤ «ዛሬ ረቡዕ ነው። ጾም አስተምረዋለሁ ብለው አልነበር?»

«እየጾምኩ እኮ ነው!» ጅብ ተቆጣ። «ሥጋ መች ልበላ ነው? የገዛ ልጄን ነው እንጂ!»

ቀበሮ ዓይኗን ጨፈነች። «አይ አንተ! ዝም ብትል ምን ነበረበት?»

አህያው መሐል ገባ።

«ልጁ የእኔ ነው» አለ። «ከፈለግህ በመጀመሪያ እኔን ብላ።»

ጅብ ዘሎ ታፋውን ነከሰው። አህያው አልሸሸም። በሁለቱ የኋላ እግሮቹ መንጋጋውን ረገጠው። ጅብ ሁለት ጥርሱን ተፍቶ ጉድጓዱ ውስጥ ተወሸቀ። ቀበሮ ቀድማ ጠፍታለች።

አባትና ልጅ ቀስ ብለው ተመለሱ። አባትየው ያነክሳል።

«አባዬ፣ ለምን ሰጠኸኝ?»

«ፈርቼ ነው።» ጥቂት ሄዱ። «አጥፍቻለሁ፣ ልጄ። ይቅር በለኝ።»

ውርንጭላው ወደ ጎኑ ተጠጋ። «አያ ጅቦ ጸሎት አላስተማረኝም።»

«እኔ አስተምርሃለሁ።»

አህያው ጀመረ። ልጁ እየተከተለ ደገመ። መሐል ላይ ሲደርሱ አባትየው ቆመ።

«ከዚያስ፣ አባዬ?»

«ከዚያ ወዲያ አላውቅም። እስከዚህ ያለውን ግን አብረን እንበለው።»

ቤት እስኪደርሱ ያንኑ ግማሽ ጸሎት ደጋግመው አሉት።

ከዚህ የምንማረው፣ አባት ለልጁ ረዳት ቢያገኝለትም እንኳ ልጁን የመጠበቅና እግዚአብሔርን የማሳወቅ አደራ ግን ከገዛ ትከሻው አውርዶ ለሌላ የሚያሸክመው አለመሆኑን ነው።